የመሬት አጠቃቀም ለውጥና የዱር አራዊት በወሎ

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ማለት አንድ መሬት ሲሰጥ ከነበረው አገልግሎት ወደ ሌላ መዛወሩ ነው። ጫካ ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን፣ የግጦሽ መሬት መንደር ሲሆን፣ ወይም የተራቆተ ተራራ ተከልሎ ተመልሶ ቁጥቋጦ ሲያበቅል የመሬት አጠቃቀም ተለወጠ ይባላል። እነዚህ ለውጦች ተደምረው የአካባቢውን መልክዓ ምድር ቅርጽ ይለውጣሉ፤ ማለትም ጫካው፣ ሣሩ፣ እርሻው፣ ወንዙና መንደሩ የያዙትን ስፋት፣ የሚገኙበትን ቦታና እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት። ይህን ቅርጽና በሕይወታውያን ላይ የሚያመጣውን ውጤት የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር ይባላል።

ወሎ ለዚህ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። አገሩ ለብዙ ዘመን የታረሰ ነው፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ከዚያ ወዲህም ሰፊ የእርከንና የዛፍ ተከላ ሥራ ተካሂዶበታል። በወሎና በአጎራባች ደጋዎች የተደረጉ ጥናቶች ሲታዩ ለዱር እንስሳት የሚያስፈልገው የአረንጓዴው ስፋት ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። የተክሉ ዓይነት፣ የሚገኝበት ቦታና ከሌላው ጋር መያያዙም የዚያኑ ያህል ይወስናል።

የጽንሰ ሐሳቡ መነሻ

«የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳር» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ካርል ትሮል ነው። ትሮል ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችን ሲመረምር፣ ከመሬት ሆኖ የማይታየው የጫካ፣ የእርሻና የውሃ አቀማመጥ ከላይ ሲታይ ግልጽ እንደሚሆን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካውያኑ ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን ስለ ደሴቶች ብዝኃ ሕይወት መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰፊ ደሴት ከጠባብ ደሴት የበለጠ የዝርያ ዓይነት ይይዛል፤ ለዋናው ምድር የቀረበ ደሴትም ከራቀው የበለጠ ይይዛል፤ ምክንያቱም አንድ ዝርያ ቢጠፋ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው ያገኛል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በእርሻ የተከበበ ጫካም በብዙ መልኩ እንደ ደሴት መሆኑን ተረዱ፤ ልዩነቱ ዙሪያውን የከበበው ባሕር ሳይሆን ማሳ መሆኑ ነው።

መልክዓ ምድርን ለመግለጽ አራት ቃላት በብዛት ያገለግላሉ።

እራፊ፦ ከአካባቢው የተለየ የመሬት ቁራጭ ነው። በማሳ መካከል የቀረ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ በተራራ ላይ የቀረ ቁጥቋጦ ወይም አንድ ኩሬ እራፊ ሊሆን ይችላል።

መተላለፊያ፦ ሁለት እራፊዎችን የሚያገናኝ ቀጭን መስመር ነው። የወንዝ ዳር ዛፎች፣ በድንበር ላይ የተተከለ የቁልቋል ወይም የቅንጭብ አጥርና ያልታረሰ ሸንተረር እንስሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገሩ ያግዛሉ።

ዙሪያው መሬት፦ እራፊዎቹን የከበበውና ሰፊውን ቦታ የያዘው ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ብዙውን ጊዜ እርሻ ነው።

ጠርዝ፦ እራፊው ከዙሪያው የሚገናኝበት ነው። ጠርዝ ላይ ፀሐይና ነፋስ ይበረታል፣ ከብት ይገባል፣ ማገዶ ይለቀማል፤ ስለዚህ ችግኝ በጠርዝ ላይ ከመሐሉ ባነሰ መጠን ያድጋል። እራፊው ትንሽ ሲሆን ጠርዝ ያልሆነው የውስጥ ክፍል እየጠበበ ይሄዳል፤ በጣም ያነሰ እራፊ ሁለመናው ጠርዝ ይሆናል።

የአካባቢው አቀማመጥ

ሀብሩ በሰሜን ወሎ ዞን ከወልድያ በስተደቡብ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው መርሳ ነው። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ወረዳው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ በምዕራብ ከፍታው ይጨምራል፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ በአጭር ርቀት ውስጥ ወይና ደጋና ቆላ ይፈራረቃሉ፤ ከወልድያ ወደ ምዕራብ ወደ ላስታ ሲወጣ ደግሞ ደጋና ውርጭ ይደረስበታል።

ግራና በሀብሩ ወረዳ የሚገኝ ሸለቆ ሲሆን በመስኖ እርሻው ይታወቃል። እንደ ግራና ባለ የመስኖ ሸለቆ ሜዳውና ውሃ የሚደርሰው መሬት በማሳ ይያዛል። የተፈጥሮ ተክል የሚቀረው ማረሻ በማይደፍረው ቁልቁለት፣ በወንዝ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በመካነ መቃብር ዙሪያ ነው። ከላይ ሲታይ ማሳው ጨርቁ፣ ዛፍ ያለባቸው ቦታዎች ደግሞ በላዩ የተጣፉ እራፊዎች ይመስላሉ፤ ወንዙ እነዚህን የሚሰፋ ክር ነው። የወንዝ ዳር ዛፍ ተቆርጦ ማሳው እስከ ውሃው አፋፍ ሲደርስ የሚጠፋው የዛፉ ጥላ ብቻ ሳይሆን ከተራራው ቁጥቋጦ እስከ ቆላው ግራር ያለው መተላለፊያ ጭምር ነው።

የለውጡ ታሪክ

በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት ከአገሪቱ 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው አባባል በመማሪያ መጻሕፍትና በሪፖርቶች ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ቆይቷል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ይህ ቁጥር በበቂ ማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑን ጽፏል። ሌላው የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ ዶናልድ ክረሚ በጣሊያን ወረራ ዘመን በወሎ የተነሱ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት ያህል በኋላ ከዚያው ቦታ ከተነሱት ጋር አነጻጽሮ፣ በብዙዎቹ ቦታዎች በኋላው ዘመን የሚታየው ዛፍ ከቀድሞው እንደሚበልጥ አሳይቷል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ገበሬዎች በቤታቸው ዙሪያ የተከሉት ዛፍ፣ በተለይም ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

በሌላ በኩል ከብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ በደቡብ ወሎ ቃሉ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1986 የነበረውን ለውጥ ከአየር ፎቶግራፎች አጥንተዋል። በእነዚህ ዓመታት ቁጥቋጦ፣ የወንዝ ዳር ተክልና ደን መቀነሱን፣ የተራቆተ መሬትና መንደር ደግሞ መጨመሩን አግኝተዋል።

ሁለቱ ውጤቶች የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ በመንደር ዙሪያ የተተከለ ዛፍን ያሳያል፣ ሌላው ደግሞ በተፈጥሮ የበቀለ ቁጥቋጦንና የወንዝ ዳር ተክልን ይለካል። ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚፈለገውን ባሕር ዛፍ ያገኘ ገበሬ ተጠቅሟል፤ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛና ግራር ያጡ ወፎችና እንስሳት ግን በባሕር ዛፉ አልተካሱም። ባሕር ዛፍ ከሥሩ የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦ አነስተኛ ነው፤ ፍሬውም ለወፍ ምግብ የሚሆን ሥጋ የለውም። የዛፍ ቁጥር መጨመር የመኖሪያ መጨመር የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመሬት ይዞታ ላይ የተደረጉ ለውጦችም አሻራቸውን ትተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ለገበሬዎች አከፋፈለ። ከ1977ቱ ረሃብ በፊትና በኋላ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ብዙ የወሎ ተራሮች ተከልለው ከብት እንዳይገባባቸው ተደረገ፣ እርከንም ተሠራባቸው። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ግን ጠባቂ በማጣታቸው ከተከለሉት ተራሮችና ከተተከሉት ደኖች ብዙዎቹ ተጨፍጭፈዋል።

በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ

ቀይ ቀበሮ

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝና ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ሲሆን በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ውርጭ ሣር ላይ የሚኖር ሲሆን ምግቡ በዋናነት አይጥና ፍልፈል ነው። በሰሜን ወሎ በአቡነ ዮሴፍ ተራራና አካባቢው፣ በደቡብ ወሎ ደግሞ በቦረና ሳይንት ይገኛል።

የቀይ ቀበሮ ችግር የእራፊ ችግር ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የገብስ እርሻ በአንዳንድ ቦታ እስከ 3,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ወጥቷል፤ በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ እንደተለወጠ የዘርፉ ተመራማሪዎች ገምተዋል። እርሻው በወጣ ቁጥር መኖሪያው ወደ ተራራው ጫፍ ይጠብባል። ጫፉ ካለቀ ቀበሮው የሚወጣበት ሌላ ከፍታ የለም፤ ወደ ቀጣዩ ተራራ ለመሄድም ሞቃትና የታረሰ ሸለቆ ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ተራራ ላይ የቀሩት ጥቂት ቀበሮዎች እርስ በርስ ብቻ ይራባሉ፤ ከጠፉም ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካቸው የለም። በጎጃም ጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ በዚህ መልኩ ጠፍቷል።

መንደር ሲቀርብ የቤት ውሻም ይቀርባል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 እንዲሁም በ2003 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በባሌ ያለው ሕዝብ ሰፊ ስለሆነ እያገገመ መጥቷል፤ ጥቂት አሥር ቀበሮዎች ባሉበት ተራራ ላይ ተመሳሳይ በሽታ ቢገባ ግን ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።

ጭላዳ

ጭላዳ ዝንጀሮም በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል። ከሌሎች የዝንጀሮ ዘመዶቹ የሚለየው ዋና ምግቡ ሣር በመሆኑ ነው። ቀን በሜዳ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሌሊት ግን ከአውሬ ለመዳን በገደል ላይ ያድራል። ስለዚህ ገደል ብቻውን ወይም ሣር ብቻውን አይበቃውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን መገኘት አለባቸው። የገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሣር ሲታረስ ገደሉ ሳይነካ የጭላዳው መኖሪያ ይበላሻል። መንጋው ከገደል ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የገብስ ማሳ ይሆናል፤ ከገበሬው ጋር የሚጣላውም ያኔ ነው። የአካባቢው ሰው ሰብሉን ሲጠብቅ ይውላል፣ ልጆችም ለጥበቃው ከትምህርት ይቀራሉ። ይህ ግጭት ከመሬቱ አቀማመጥ የመነጨ በመሆኑ እንስሳውን በማባረር ብቻ አይፈታም።

ጅብ

ሁሉም እንስሳ በለውጡ አይጎዳም። ጅብ የሚያድነው የዱር እንስሳ ባለቀበት አገር የቤት ከብትና ጥራጊ እየበላ ይኖራል። በትግራይ ውቅሮ አካባቢ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የጅብን እዳሪ በመመርመር የሚበላውን ለይቷል። በዓቢይ ጾም ሥጋ ስለማይታረድ የሚጣለው አጥንትና ቆዳ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ በጅብ እዳሪ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። የጅብ ኑሮ ከሰው የአመጋገብ ሥርዓት ጋር ይህን ያህል ተሳስሯል። ጦጣ፣ ጃርትና ከርከሮም እርሻ አጠገብ ቁጥቋጦ እስካገኙ ድረስ ይኖራሉ። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሁሉንም ዝርያ በአንድ ጊዜ አያጠፋም፤ ልዩ መኖሪያ የሚሹትን እየቀነሰ ከሰው ጋር የሚላመዱትን ያበዛል።

በሥርዓተ ምህዳርና በሰው ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ

ተራራው ሲራቆት ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ ይወርዳል። በደቡብ ወሎ ማይባር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር መሸርሸር በተከታታይ ሲለካ ቆይቷል። የስዊስ ተመራማሪው ሐንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህ አፈር በወንዝ ተወስዶ በታች ያለውን የመስኖ ቦይ ይሞላል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ይሆናል፣ በጋ ላይ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። እንደ ግራና ያለ የመስኖ ሸለቆ ውሃ የሚያገኘው ከላዩ ካለው ቁልቁለት ስለሆነ፣ ሚዳቋንና ወፍን የሚያስጠልለው ቁጥቋጦ ለገበሬውም ቦይ ጠባቂ ነው።

የተራቆተ መሬት ለመጤ ተክልም በር ይከፍታል። በሰሜን ወሎ ቆላማ ቦታዎች ፓርቴኒየም የተባለው አረም በመንገድ ዳርና በግጦሽ ላይ ተስፋፍቷል፤ ከብት አይበላውም፣ የሰውን ቆዳም ያሳክካል። በአጎራባቹ አፋር ደግሞ የአፈር መሸርሸርን ለመከላከል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ሣሩን አጥፍቶ ሰፊ መሬት ይዟል። ፍሬውን የበሉ እንስሳት በእዳሪያቸው ዘሩን ያዛምታሉ፤ ስለዚህ መተላለፊያ የሚጠቅመው ለነባር ዝርያ ብቻ አይደለም፣ መጤም ይጓዝበታል። አውራ ጎዳናዎችና ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መስመር ያሉት ረጃጅም ግንባታዎችም መልክዓ ምድሩን ይከፍላሉ፤ በሥራቸው ውሃና እንስሳ የሚያልፍበት ክፍተት መኖሩ ወይም አለመኖሩ ወሳኝ ይሆናል።

የቀሩ እራፊዎችና ጥበቃቸው

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከቀሩት የተፈጥሮ ደኖች ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉ ናቸው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግቧል። በአንዱ ደን የማይገኘው በሌላው ስለሚገኝ የደኖቹ ዋጋ በተናጠል ሳይሆን በጠቅላላ እንደ አንድ መረብ ሲታዩ ይጎላል። ጥናቱ የከብት ግጦሽ ችግኝ እንዳያድግ ዋና እንቅፋት መሆኑንም አሳይቷል። በኋላ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር በመተባበር በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው ማሳ በመሆኑ ለገበሬውም መሬት አጽድቶለታል።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ይተዳደር ነበር፤ በዚህም መሠረት የአስቦና የጌራ ተወላጆች መሬቱን ለዓመታት ዘግተው ሣሩ ሲደርስ በጋራ ከፍተው ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ ለመቶዎች ዓመታት ቆይቶ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መልሶታል። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይገኛሉ። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለከብት መኖ ስለሚጠቅም ሕዝቡ የጠበቀው ለራሱ ብሎ ነበር፤ እንስሳቱም በዚያ ተርፈዋል።

ሦስተኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም በዋልያ አይቤክስ መመናመን ምክንያት በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ እስከ 2017 ቆይቷል። ከዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የዱር እንስሳትን መኖሪያ ማስፋት የሰውን መኖሪያ ማንሳት ሊጠይቅ መቻሉ ከዚህ ዘርፍ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ለውጡ የሚለካበት መንገድ

በኢትዮጵያ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሲጠና መነሻ የሚሆኑት ከ1930ዎቹ የጣሊያን ፎቶግራፎችና እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ የአየር ፎቶግራፎች ናቸው። የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ጠፈር ተላከ፤ ምስሎቹም ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጠቀው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ የበለጠ ጥራት አለው።

የምስሉ ጥራት በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። አሁን ባሉት ላንድሳቶች አንድ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሚሸፍን አንድ ሄክታር የሆነ የቤተ ክርስቲያን ደን 11 ያህል ፒክስል ብቻ ይይዛል። በሴንቲኔል ፒክስሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር በመሆኑ ያው ደን 100 ፒክስል ይኖረዋል። አምስት ሜትር ስፋት ያለው የወንዝ ዳር ዛፍ ግን በሁለቱም ከማሳው ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ይችላል፤ ማለትም ለእንስሳት እጅግ የሚያስፈልገው መተላለፊያ በካርታው ላይ ላይታይ ይችላል።

የወቅት ምርጫም ያሳስታል። በክረምት ደመና ምስሉን ይሸፍናል፤ በመስከረም ደግሞ የማሽላ ማሳ እንደ ቁጥቋጦ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት የሚነሳ ምስል ማሳን ከዛፍ ለመለየት የተሻለ ነው። ሆኖም ቀላል የአረንጓዴነት መለኪያ ባሕር ዛፍን ከወይራ አይለይም። ስለዚህ ኮምፒውተር የሠራው ካርታ ቦታው ድረስ ሄዶ በማየትና የአካባቢውን ሽማግሌዎች በመጠየቅ መረጋገጥ አለበት፤ የትኛው ሸንተረር መቼ እንደታረሰና የትኛው እንስሳ ከመቼ ጀምሮ እንዳልታየ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።